ከፒያኖ እስከ ወንበር

ጠዋት ቀድሞ የሚነሳው ባለቤቴ ነበር። ውሃ ይጥድና መታጠቢያ ቤት ገብቶ ለብ ባለ የጨው ውሃ ይጉመጠመጣል። ከዚያ ድምፁን ያሟሙቃል፤ ከታች ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ደግሞ እንደዚያው ይወርዳል። እኔ የልጃችንን ጸጉር እያበጠርኩ እሰማዋለሁ። ልጃችን ያኔ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበረች።

"እማዬ፣ ላሟን ምጥ ይዟታል" ትለኛለች።

እሱ ሰምቶ በበሩ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። ፊቱ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። "መንታ ነው ያረገዘችው፤ ሙቅ ውሃ አምጡ" ይላል።

በዚያው ሰዓት ከላያችን ዕቃ መጎተት ይጀመራል። ከላያችን የሚኖሩት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ዕቃ አንድ ቦታ ከቆየ ያረጃል የሚል እምነት አላቸው፤ ስለዚህ ወንበሩ ወደ መስኮት፣ ጠረጴዛው ወደ በር፣ አልጋው ወደ ግድግዳ ይሄዳል፤ በማግስቱ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ባለቤቴ መጥረጊያውን አንስቶ በእንጨቱ ኮርኒሱን ሁለቴ ይመታል። ከላይም ሁለቴ ይመለስለታል። እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደሩ መባባላቸው ነበር።

ከዚያ ሻያችንን በዳቦ እንጠጣና እሱ የመፍቻ ቦርሳውን አንግቶ ወደ ሥራው፣ እኔ ልጃችንን ይዤ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት እንሄዳለን። እሱ ሊፍት ይጠግናል። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ። ጠዋታችን ይኸው ነበር፤ ሌላ የተለየ ነገር አልነበረውም።

ሰው ግን እሱን የሚያውቀው በሊፍት ጥገና አልነበረም፤ ማንጠልጠያ በሚለው ስሙ ነው። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ትከሻው ሰፊ፣ ከትከሻው በታች ያለው ሁሉ ቀጭን ስለነበር ኮት ሲለብስ ኮቱ ብቻውን የተሰቀለ ይመስል ነበር። እሱም ስሙን ወደደውና የሚያስቁ ዘፈኖቹን በዚያ ስም መልቀቅ ጀመረ።

ዘፈኖቹ የሚወለዱት ሊፍት የሚወጣና የሚወርድበት ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ከታች ሆኖ እየሠራ ሲያንጎራጉር ግንቡ ድምፁን እስከ ላይኛው ፎቅ ይወስድለታል። ሊፍት የሚጠብቁ ሰዎች ከግድግዳው ውስጥ ስለ ጠበበ ጫማ የሚያለቅስ ሰው ይሰማሉ። ከላይ የሚስቅ ሰው ከሰማ ዘፈኑን ይዞት ወደ ቤት ይመጣል፤ ካልሰማ እዚያው ጥሎት ይወጣል።

የሚቀዳው ደግሞ ቁም ሳጥናችን ውስጥ ነው። የኔ ካፖርቶች ማሚቶ ይውጣሉ ይላል። በካፖርቶቹ መሐል ይቆማል፣ ማይኩን ልብስ ከሚሰቀልበት ዘንግ ጋር ያስራል፣ በሩን ከውስጥ ይስበዋል። ከውጭ የሚሰማው የታፈነ ጩኸት ብቻ ነው። አንድ ቀን እናቱ ሳይነግሩን መጡና "ልጄ የት ነው?" አሉኝ።

"ቁም ሳጥን ውስጥ ነው" አልኳቸው።

"ምን አጥፍቶ?" አሉ።

ዘፈን ሲለቅ ሁሉን የሚያደርገው ራሱ ነው። አሳታሚ የለውም፣ አስተዋዋቂ የለውም። ሥዕሉን ልጃችን ትሥላለች፣ እሱ ኢንተርኔት ላይ ይጭነዋል፣ ከዚያ ስልኩን ለኔ ሰጥቶ ሳህን ሊያጥብ ይሮጣል። ሰው ምን እንዳለ ለማየት ድፍረት አልነበረውም።

"ሰማው ሰው?" ይላል ጀርባውን እንደሰጠኝ።

"እናትህ ሰምተዋል።"

"ሳቁ?"

"ጸጉርህን ተቆረጥ ብለው ጽፈዋል።"

"የለቀቅኩት ድምፅ ብቻ እኮ ነው።"

"ከድምፅህ ያስታውቃል ብለዋል።"

የጎረቤቱ ዘፈን የመጣው በዚህ መሐል ነው። ቀላል ዘፈን ነው፤

ከላይ ያለው ጎረቤቴ፣
ወንበር ጎተተ ባናቴ።

ቀጥሎ ጠረጴዛ ይጎትታል፣ ከዚያ አልጋ፣ ከዚያ ፍሪጅ፣ ከዚያ ቁም ሳጥን፣ መጨረሻ ላይ ፒያኖ። ዕቃው በከበደ ቁጥር ዜማው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፣ ዘፋኙም እየተማረረ ይሄዳል። ፒያኖው ጋ ሲደርስ ድምፁ የመጨረሻው ጫፍ ላይ መድረስ አለበት።

በቀዳበት ቀን እኔ ኩሽና ሆኜ ድንች እልጥ ነበር። ፒያኖው ጋ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። መሰበር ብቻም አይደለም፤ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ቀጭን ፉጨት ሆኖ ወደ ላይ አመለጠ፣ ሌላው እንደ ድንጋይ ወደ ታች ተንከባለለ። ደረጃ ላይ የተለቀቀ ፒያኖ ነው የሚመስለው። ቶሎ የምስቅ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ድንቹም ቢላውም ከእጄ እስኪወድቅ ሳቅኩ።

እሱ ከቁም ሳጥኑ ብቅ ብሎ "ተበላሸ፣ ልድገመው" አለ።

"እንዳትነካው" አልኩት።

አልነካውም። ዛሬም ዘፈኑን ልብ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው መጨረሻው ላይ ከሩቅ የሴት ሳቅ ይሰማል።

ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ እኛ ከማናውቃቸው ሰዎች ቤት ገባ። ሰዎች የፒያኖውን ቦታ እያስመሰሉ ራሳቸውን ይቀርጹ ጀመር። ልጃችንን ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት እየጠሩ አስደገሟት። አዋላጅዋ ሳይቀሩ ደረጃ ላይ ባለቤቴን አስቆሙት።

"ያ ጎረቤትህ እንዴት ያለ ጨካኝ ነው? ከኔ በፊት የነበረው ነው አይደል?"

"አዎ እትዬ፣ ከርስዎ በፊት የነበረው ነው" አላቸው።

"ወይ አንተ ልጅ፣ ምን ያህል ችለህ ኖረሃል" ብለው ከልባቸው አዘኑለት።

ከዚያ መድረኩ ሰፋ። ቀድሞ የሚጫወተው በአንድ ጠባብ ምግብ ቤት ጥግ፣ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ነበር፤ አሁን አዳራሽ ይሞላ ጀመር። የድምፅ ማሽኑን የሚቆጣጠርለት የድሮ ጓደኛው ሽቦ ነው። ሽቦ የተባለው አንገቱ ላይ ሁልጊዜ የተጠቀለለ ገመድ ስለማይጠፋ ነው። የኔ ቦታ ከአዳራሹ ኋላ፣ ከሽቦ ጎን ነበር። ከዚያ ሆኜ ሕዝቡን ከጀርባው አየዋለሁ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አብረውት ይዘፍናሉ። ፒያኖው ጋ ሲደርስ ሁሉም አፉን ዘግቶ ይጠብቃል። ድምፁ ሲሰበር አዳራሹ በአንድ አፍ "ወደቀ" ይላል፤ ከዚያ ሳቁ ይመጣል።

አንድ ቀን ዕቃ ስንሰበስብ "እስቲ እኔንም መድረክ ላይ አውጣኝ" ብዬ ቀለድኩበት።

"አንቺን?" አለ። "አንቺ ቀልድ ስትጀምሪ ከመጨረሻው ነው የምትጀምሪው። ሕዝቡ ትኬቱን ይዞ ፍርድ ቤት ይሄዳል።"

እውነቱን ነው። ቀልድ አልችልም።

ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋሉት እናቱ ናቸው። በስልክ "ጉንፋን ይዞሃል ልጄ?" አሉት። አልያዘኝም አላቸው። በሌላ ጊዜ ደውለው "ጉንፋኑ አልለቀቀህም?" አሉት። ሳቅ ብሎ አለፈው። ቆይተው ደግሞ "ይሄ ጉንፋን ከረመብህሳ" አሉ። ያን ቀን ስልኩን ለኔ አቀበለኝ።

በዚያው ሰሞን ከአንድ ዝግጅት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ጊታሩን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ ይዞታል።

"ዛሬ ያደረግኩት እኔ አይደለሁም" አለኝ።

"ምኑን?"

"ፒያኖውን። ከመጀመሪያው ቀን በቀር ሁልጊዜ አውቄ ነበር የምሰብረው። ዛሬ ሳላስበው ቁም ሳጥኑ ላይ ተሰበረ። ፒያኖው ጋ አልደረስኩም።"

"ደክሞህ ነው።"

"ደክሞኝ ነው" አለ። ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። ውጭ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት የምሰማው ሌላ ነገር ሆነ። መታጠቢያ ቤቱን ይዘጋል፣ ውሃውን ይከፍታል፣ ድምፁን በማሟሟቅ ፋንታ የራሱን ዘፈን መውጣት ይጀምራል። ከወንበር ተነስቶ ሳይሰበር ፒያኖ ለመድረስ ነው የሚሞክረው። እኔ ማበጠሪያውን የልጃችን ጸጉር ውስጥ እንዳለ አቆመዋለሁ። ወንበር፣ ደህና። ጠረጴዛ፣ ደህና። አልጋ፣ ደህና። ፍሪጁ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ውሃው መፍሰሱን ይቀጥላል። እንደገና ከወንበር ይጀምራል።

"እማዬ፣ ጸጉሬን" ትላለች ልጃችን።

ስለዚህ ጉዳይ አንነጋገርም ነበር። እሱ እንደማልሰማ ያስባል፣ ወይም እንደዚያ የሚያስብ ይመስላል። እኔ ክፍል ገብቼ ለተማሪዎች ስለሚወርድ መስመር እያስረዳሁ ጠመኔው እጄ ውስጥ ይቆማል። ነገ የትኛው ዕቃ ላይ ይሆን እላለሁ። ብርዱ ሲገባ ፍሪጅ መሆኑ ቀርቶ አልጋ ሆነ።

መድረክ ላይ ግን ይሄ ሁሉ ተጨማሪ ሳቅ አመጣለት። ሰው ዘፈኑን ያሻሻለው መሰለው። "አሁን የት ላይ እንደሚጥለው አይታወቅም፣ ልብ ያንጠለጥላል" ይላሉ ሲወጡ። ሽቦ እንኳ "አንተ ሰውዬ፣ እየረቀቅክ ሄድክ" አለው። ባለቤቴ ፈገግ ብሎ ውሃ ጠጣ። ለመዋጥ አንገቱን ወደ ጎን ሲያዘነብል አየሁት። ድሮ እንደዚያ አይጠጣም ነበር።

አንድ ቅዳሜ አዲስ ዘፈን ልቀዳ ብሎ ቁም ሳጥን ገባ። እኔ ልብስ እተኩስ ነበር። የሚሰማ ነገር ጠበቅኩ። አልመጣም። ካውያውን አስቀምጬ በሩን ከፈትኩ። በካፖርቶቼ መሐል መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ማይኩን ይዞታል፣ ማሽኑ ግን አልተከፈተም።

"ምን ትሠራለህ?"

"አዳምጣለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ስተነፍስ የሚያፏጭ ነገር አለ። እስቲ ነይ፣ አንቺም ስሚው።"

ጎንበስ ብዬ ሰማሁት። ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሄድን።

ስሙን የመዘገበችው ነርስ ድምፁን ስትሰማ ቀና አለች። "ማንጠልጠያ አይደሉም እንዴ? እባክዎ ያቺን ፒያኖ አንዴ ብቻ።"

"እዚህ ከሰበርኩት ማን ይጠግነዋል?" አላት። ሳቀች።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ረጋ ያለች ወጣት ሴት ናት። ቀጭን ካሜራ በአፍንጫው አስገብታ አየች፣ ከዚያ ስክሪኑን ወደ ራሷ ዞር አደረገችው። ያን አውቀዋለሁ። ውጤት ስመዘግብ ተማሪ ሲጠጋኝ እኔም እንደዚያ አደርጋለሁ።

"መቼ ነው የጀመረዎት?" አለችው።

"ፒያኖ ላይ" አለ።

ወደኔ አየች። ዘፈኑ የተቀዳበትን ጊዜ የነገርኳት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ድምፁ እንዴት እንደተሰበረም አስረዳኋት። አንገቷን ነቀነቀች።

"ያኔም ነበረ ማለት ነው" አለች።

ስለ ሳቄ ምንም አላልኩም። 

የድምፅ አውታሩ ላይ የበቀለ ነገር እንዳለ፣ በሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ አስተኝተውት ናሙና እንደሚወስዱ፣ ያ ሳይታይ ምን እንደሆነ መናገር እንደማትችል ነገረችን። አልተናገረችም፤ ፊቷ ላይ ግን ይነበብ ነበር። "እስከዚያ አይዘፍኑም፣ አይጮኹም" አለችው። "ማንሾካሾክም ይጎዳዎታል።"

"እሁድ ዝግጅት አለኝ።"

"ይሰርዙት።"

ቤት ስንገባ ልጃችን ገና አልመጣችም። ኩሽና ውስጥ ቆምን።

"ይሰረዛል" አልኩት።

"አይሰረዝም።"

"ምን ብለህ ነው?"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በዝግታ፣ በዚያ በተላጠ ድምፁ ተናገረ። "ካወቁ አይስቁም። ገባሽ? አንዴ ከሰሙ በኋላ ያ ዘፈን በሽታ ነው የሚሆነው። እስከ ዛሬ የሳቁት ሁሉ በራሳቸው ያፍራሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያበላሸውን ሊፍት ስጠግን ነው የኖርኩት፤ የራሴ የምለው ነገር ያ ሳቅ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ፣ ሳያውቁ፣ ልስማውና ልሂድ።"

"የት ነው የምትሄደው?"

"ሐኪም ቤት ነዋ። የት መስሎሽ ነው?"

ሁለታችንም የት እንደመሰለን እናውቅ ነበር።

"ከአልጋ በታች ከወረደ ታቆማለህ" አልኩት።

"ከአልጋ በታች ከወረደ አቆማለሁ።"

"ማል።"

"ቁም ሳጥኑን ይንሳኝ።"

"በልጅህ ማል።"

ወደ በሩ አየ። ከዚያ ማለ።

ለሽቦ መንገር ነበረብን። ሲሰማ ገመዱን ከአንገቱ አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። "አንቺ ትከሻዬን ንኪኝ እንጂ ማይኩን አጠፋዋለሁ። ኤሌክትሪክ ተበላሸ ብዬ ሰው እበትናለሁ" አለኝ። ባለቤቴ ለማንም ትንፍሽ እንዳይል አስማለው። ሽቦ ሲምል ባለቤቴን ቀና ብሎ አላየውም።

ያን ሳምንት ቤታችን ጸጥ አለ። ልጃችን አባቷ የዝምታ ጨዋታ የሚጫወት መሰላት፤ ልታስለፈልፈው ከጀርባው እየመጣች ታኮረኩረዋለች። እሱ ያለ ድምፅ ይስቃል። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፣ ጆሮዬ ግን የሚይዘው ያን ፉጨት ብቻ ነው። ሌሊት እሱ ሲተኛ እኔ እየነቃሁ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር። ባቆም እሱም የሚያቆም ይመስለኝ ነበር።

እሁድ ልጃችንን አዋላጅዋ ጋ ትተን ሄድን። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ወንበር ያጡ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እሱ ሲገባ ገና ምንም ሳይል ሳቁ። የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች አጭበረበረ። ጊታሩን እየመታ ሕዝቡን አዘፈነ፤ ግጥሙ የጠፋው መስሎ በእጁ ይጠይቃቸዋል፣ እነሱ እየተሻሙ ይነግሩታል። ከራሱ አፍ የወጣው ጥቂት ቃል ነው። እንዲህ ከሆነስ እንወጣዋለን ብዬ አሰብኩ። 

ከዚያ አንድ ሰው "ጎረቤቱን" ብሎ ተጣራ። ሌላው ተቀበለው። እግራቸውን ወለሉ ላይ መምታት ጀመሩ።

ባለቤቴ ወደኛ አየ። መብራቱ ዓይኑ ላይ ስለሆነ እንደማያየኝ አውቃለሁ። ጊታሩን አስተካከለ።

"ከላይ ያለው ጎረቤቴ" አለ። ሻካራ ነው፤ ቢሆንም ወጣለት። "ወን..."

ወንበሩ ላይ ተሰበረ።

 ገና መጀመሪያው ስለሆነ ማንም አልጠበቀውም። ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። "ወደቀ" ይላሉ፣ አንዱ ከሌላው ሳይጣጣም፣ ከዚህም ከዚያም። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ የሚስቱን ክንድ እየመታ "በወንበር፣ ኧረ በወንበር ወደቀ" ይላል፤ እንባውን በእጅጌው ይጠርጋል።

እሱ ጠረጴዛውን ለማለት አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። አፉ እንደተከፈተ ቆመ። ሳቁ በእጥፍ ጨመረ።

የሽቦን ትከሻ ነካሁ። ማይኩን አጠፋ። ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የሚጠፋ ድምፅ አልቀረምና። ሽቦ ተነስቶ "ኤሌክትሪክ ተበላሽቷል" ብሎ ጮኸ። ከፊታችን ያሉት ሁለት ረድፎች ብቻ ሰሙት፤ እሱም የጨዋታው አካል መስሏቸው አጨበጨቡለት።

ባለቤቴ አንድ እጁን አንገቱ ላይ አድርጓል። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያ ትከሻ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። በመተላለፊያው ወደ መድረኩ ሮጥኩ። እየሳቁ መንገድ ለቀቁልኝ።

"ሚስቱ ናት" አለ አንዱ።

"ልትጎትተው ነው" አለ ሌላው።

ከቅርብ ሳየው ከንፈሩ አመድ መስሏል። አየር በሳበ ቁጥር ከአንገቱ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። "መተንፈስ ትችላለህ?" አልኩት። ራሱን በትንሹ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀ። ማይኩን ነጥቄ ወደ ሕዝቡ ዞርኩና "እባካችሁ" አልኩ። ማይኩ ጠፍቷል። የሚያዩት ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ባልም ሚስትም ድምፃቸው ጠፋ ብለው ሳቁ።

ያኔ ሽቦ መናገር እንደፈለግኩ ገባውና መልሶ ከፈተው። ትንፋሼ በድምፅ ማጉያዎቹ አዳራሹን ሞላው። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። መጨረሻውን እየጠበቁ ነው።

ባለቤቴ እጄን አንጓዬ ላይ ያዘኝ። አየሁት። ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንዴ ነቀነቀ።

የምለው ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነበር። ታሟል፣ ቀልድ አይደለም፣ መንገድ ልቀቁልን። ከዚያ በላይ ቃል አያስፈልግም ነበር። ከፊት ረድፍ ያሉትን ፊቶች አየሁ፤ አፋቸው ገርበብ ብሏል፣ ለመሳቅ ተዘጋጅተዋል። ይህን ብናገር እነዚያ ፊቶች ምን እንደሚሆኑ አየሁት። እሱም ያየኛል። አንጓዬ ላይ ያለው ጣቱ ቀዝቅዟል።

"ወደቀ" አልኩ።

ድምፄ የአስተማሪ ድምፅ ነው፤ ደረቅ። አዳራሹ ተነቃነቀ። ሰው እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠው። ከዚያ ብብቱ ሥር ገብቼ እንደ ከባድ ዕቃ ወደ መድረኩ ጎን ጎተትኩት። ለዚያም አጨበጨቡ።

መጋረጃው ጀርባ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሽቦ መኪና ሊያመጣ ሮጠ። ከመጋረጃው ማዶ ገና "ይደገም" ይላሉ። እሱ ጆሮውን ወደዚያ አዘንብሎ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ "አየሽ፣ ቻልሽ" አለኝ።

ማክሰኞን መጠበቅ አልተቻለም። በዚያው ቀን አንገቱ ላይ መተንፈሻ ከፈቱለት። ናሙናው ሐኪሟ ፊት ላይ ያነበብነውን አረጋገጠ። በኋላ ማንቁርቱን አወጡት። ከዚያ በኋላ አብረን የኖርነውን ጊዜ ለራሴ አስቀምጬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት በመጥረጊያው እንጨት ኮርኒሱን ሁለቴ ይመታ እንደነበር ግን እናገራለሁ። ከላይም ሁለቴ ይመለስለት ነበር።

ሲያርፍ ሰው ሁሉ አወቀ። የፈራው ደረሰ። አሁን ዘፈኑ ሥር የሚጽፉት ይቅርታ ነው። "እዚያ አዳራሽ ነበርኩ፣ ስቄ ነበር" ይላሉ። አንዳንዴ ተቀምጬ እመልስላቸዋለሁ። ሌላ ነገር አልጽፍም፤ "ሰምቷችኋል" ብቻ እላለሁ።

ጠዋት ቀድሜ የምነሳው አሁን እኔ ነኝ። ውሃ እጥዳለሁ። ልጃችን ጸጉሯን ራሷ ታበጥራለች። ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ለአዋላጅዋ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ የወንበሩንም የጠረጴዛውንም የአልጋውንም እግር በጨርቅ ጠቅልለው አስረውታል። ደረጃ ላይ ሳገኛቸው "እትዬ፣ ይፍቱትና እንደልብዎ ይጎትቱ" እላቸዋለሁ። "እሺ ልጄ" ይላሉ፤ አይፈቱትም።

ዘፈኑ ስልኬ ውስጥ አለ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ አልጋው፣ ፍሪጁ፣ ቁም ሳጥኑ ይጎተታል፤ ፒያኖው ይወድቃል፤ ከኩሽና የሳቅኩት ሳቅ ይሰማል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ድምፁን የሚያሟሙቅ ሰው የለም።